ይድረስ ለግጥማችን እሳት

የተከበርከው እሳት ሆይ፣

ይህን የምጽፍልህ ከጅቡቲ ከተማ ነው፤ አንተን የሚናፍቅ ሰው ከማይገኝበት ስፍራ። ወሩ ሐምሌ ነው። ኻምሲን የሚሉት የበረሃ ነፋስ አቧራውን እያነሣ በርና መስኮት ይደበድባል። ከቀትር በኋላ ሱቆች ተዘግተዋል፤ ከባልባላ እስከ ወደቡ ድረስ ያለው ሰው ጥላ ገብቷል፤ ፀሐይ ላይ የዋለ የብረት በር በባዶ እጅ አይነካም፤ ከቧንቧ የሚወርደው ውኃ ማንም ሳያሞቀው ይፋጃል። እዚህ ሰው አንተን የሚያስብህ እንዴት እንደሚሸሽህ ሲያወጣና ሲያወርድ ነው። እኔ ግን የትራንዚት ወረቀቴን ጨርሼ ቤቴ ስገባ፣ ቬንትሌተር ሥር ቁጭ ብዬ የማነባቸው የአማርኛ ግጥሞች ከዳር እስከ ዳር አንተን የተሞሉ ናቸው። ፍም፣ ረመጥ፣ ነበልባል፣ ችቦ፣ ደመራ፣ አመድ። ሳነባቸው ሙቀቱ አይብስብኝም። እንዲያውም ደጋው ይመጣልኛል፤ ጭስ የጠጣ ጋቢ፣ ምድጃ ዙሪያ የሚወራ ተረት፣ ጉም የለበሰ የክረምት ማለዳ።

ስለዚህ ላመሰግንህ ተነሣሁ። እንጀራ ስለ ጋገርክለት፣ ቡና ስላፈላህለት የሚያመሰግንህ ሞልቷል። የእኔ ምስጋና ለሌላው ሥራህ ነው፤ ባለቅኔዎቻችን በሌላ ነገር ሊናገሩት ያልቻሉትን እንዲናገሩ ራስህን ስለ ሰጠሃቸው። ስለዚህኛው ሥራህ ማንም ሲያመሰግንህ ሰምቼ አላውቅም። በጎ ሠርቶ ምስጋና የሚያጣ ሰው «እጄ አመድ አፋሽ ነው» ይላል። ይህ ቃል ከአንተ ይበልጥ የሚስማማው አላገኘሁም።

ከሰምና ወርቅ ልጀምር። ስለ ቅኔያችን የሚናገር ሁሉ እነዚህን ሁለቱን ይጠራል፤ ሰሙ ከላይ የሚታየው፣ ወርቁ ከሥር የተሸሸገው እያለ። ምሳሌው ከአንጥረኛ ቤት የመጣ ነው። አንጥረኛው የሚፈልገውን ቅርጽ መጀመሪያ በሰም ይሠራል፤ መስቀል ከሆነ መስቀሉን፣ ጉትቻ ከሆነ ጉትቻውን ከነጌጡ። ሰሙን በጭቃ ይለብጠዋል፤ ጫፉ ላይ ቀዳዳ ይተውለታል፤ እስኪደርቅ ይጠብቀዋል። ከዚያ ወደ አንተ ያመጣዋል። ወናፉ ይነፋል፤ ከሰሉ ይፋፋማል፤ ሰሙ ቀልጦ በቀዳዳው ይወርዳል፤ ጭቃው ሆዱ ባዶ ሆኖ ይጠነክራል። ያን ባዶ ሆድ የቀለጠ ወርቅ ይሞላዋል። ጭቃው ሲሰበር፣ ሰሙ ሠርቶት የነበረውን መልክ ወርቁ ለብሶት ይወጣል።

በዚህ ሥራ ውስጥ አንተ ሁለት ጊዜ ገብተሃል። ሰሙን አቅልጠህ ያስወጣኸው አንተ ነህ፤ ወርቁን አቅልጠህ ያስገባኸውም አንተ ነህ። ያለ አንተ ሰሙም ሰም፣ ወርቁም ጥሬ ወርቅ ሆኖ በየፊናቸው ይቀሩ ነበር። ሆኖም ሰምና ወርቅ ተብሎ ሲነገር ስምህ አይነሣም። የቅኔ ሊቃውንት ሁለቱ ትርጉሞች በአንድ ቃል ላይ የሚገናኙበትን ኅብር ይሉታል። እኔ ኅብር ባጋጠመኝ ቁጥር እዚያ ተቀምጠህ አገኝሃለሁ። ሰሚው ቃሉን መጀመሪያ በሰሙ ይቀበለዋል፤ ጥቂት ይቆያል፤ ከዚያ አንዱ ሐሳብ ሲቀልጥ ሌላው በቦታው ሲፈስስ ይታወቀዋል። ሊቁ ቅኔ ሲቀኝ፣ መቋሚያቸውን ተደግፈው የሚሰሙት ሽማግሌዎች ለአፍታ ጸጥ ብለው፣ ወዲያው ፊታቸው ፈክቶ «ይበል!» ሲሉ ያየ ሰው የምለውን ይረዳኛል። በዚያ ጸጥታና በ«ይበል» መካከል ሥራ ላይ ነበርክ።

በጎጃም ዋሸራና ጎንጅ፣ በወሎ ዋድላ፣ ስንት ትውልድ የቆሎ ተማሪ በዚህ ሲሠለጥን ኖረ። ቀን ቅኔ ቆጠራ ጫካ ውስጥ ይውላል፤ ማታ መምህሩ ፊት የቆጠረውን ያሰማል፤ መምህሩ ያቃናለታል፤ አንዳንዴም ከሥሩ አፍርሶ ሌላ ያስቆጥረዋል። ከቅኔ ዓይነቶችም አንዱ፣ ዕጣነ ሞገር፣ ስሙን የወሰደው በጥናው ፍም ላይ ከሚወድቀው ዕጣን ነው። በቤተ መቅደስ አንተ ዕጣኑን ተቀብለህ ወደ ላይ ታሳርገዋለህ፤ በውጭ ደግሞ መሪጌታው በቃል ይህንኑ ያደርጋል። አባቶቻችን ግጥምንና ጥናን ጎን ለጎን ማስቀመጣቸው በከንቱ አይመስለኝም።

እነዚያ አባቶች ያወቁህ በመፍራት ብቻ አልነበረም። ሙሴ በኮሬብ ያያትን ዕፀ ጳጦስን አስብ። ቁጥቋጦዋ ትነድ ነበር፤ ቅጠሏ ግን አልጠወለገም፤ ሐመልማሉና ነበልባሉ አብረው አደሩ። ሊቃውንቱ ይህችን ቁጥቋጦ ድንግል ማርያም ናት አሉ፤ የሐሙስ ውዳሴ ማርያም ስለዚሁ ይናገራል። ቅዳሴ ማርያም ደግሞ ከዚያም አልፎ ይጠይቃል፤ ኪሩቤል ቀርበው ሊያዩት የማይችሉት መለኮታዊ እሳት በአንዲት ወጣት ማኅፀን ሲያድር፣ የእሳቱ መጋረጃ በየት በኩል ተዘረጋ ይላል። ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው የኖርኩት ጥያቄ ነው፤ እስከ ዛሬም ያስደነግጠኛል። የጠየቀው ሰው አንተን በደንብ ያውቅሃል። ምን እንደምታደርግ፣ የነካኸው ምን እንደሚሆን ያውቃል። ያን እያወቀ ነው አንተን በሥጋ ውስጥ ያሳደረህ። ደፋር ግጥም ማለት ለእኔ ይህ ነው።

ኢሳይያስንም አልረሳሁም። ሱራፌል በጉጠት ከመሠዊያው ያነሣው ፍም የነቢዩን ከንፈር ነካው፤ ነቢዩ የተላከው ከዚያ በኋላ ነው። ንግግር ከአንተ ቀጥሎ መጣ። በጰራቅሊጦስ ቀንም ሐዋርያት ላይ የወረድከው በምላስ አምሳል ነበር። ታኅሣሥ 19 ደግሞ ሠለስቱ ደቂቅን እናስባለን፤ ናቡከደነፆር ያስነደደው እቶን ገመዳቸውን ብቻ ፈትቶ ገላቸውን ሳይነካ ተዋቸው። ቁልቢ ገብርኤል የሚሞላው በዚያ ቀን ነው። ከጅቡቲ ወደ ድሬዳዋ ተሳፍሮ፣ ከድሬዳዋ ዳገቱን ወጥቶ ስለቱን የሚያደርስ ሰው በየዓመቱ አይጠፋም፤ ከዚህ ግለት ተነሥቶ፣ እሳት ያልበላቸውን ልጆች ሊያስብ ብርዳማ ተራራ ይወጣል።

አሁን ወደ ጋሽ ጸጋዬ ልምጣ፤ ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝም እርሱ ነውና። ጸጋዬ ገብረ መድኅን በአምቦ አጠገብ ቦዳ በምትባል ስፍራ በ1928 ዓ.ም. ነሐሴ ላይ ተወለደ። በልጅነቱ ግዕዝ ተማረ። በኋላ ቺካጎ ሕግ አጠና፤ ለንደንና ፓሪስ ሄዶ የቲያትርን ሥራ አየ፤ አዲስ አበባ ተመልሶ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ቲያትር መራ፤ ሼክስፒርን አማርኛ አናገረ። በ1966 ዓ.ም. የግጥም መድበሉን አሳተመ፤ ስሙንም «እሳት ወይ አበባ» አለው።

ያንን ርዕስ ሳየው ዘወትር የምቆምበት መካከል ላይ ያለችው «ወይ» ናት። በዕፀ ጳጦስ ውስጥ እሳትና ቅጠል አብረው ነበሩ፤ ጠብ አልነበራቸውም። ጸጋዬ ያን ሁሉ የቤተ ክህነት ትምህርት ያውቃል። እያወቀ ለያችሁ። የጊዜውን ነገር ላስታውስህ፤ ከአንተ የተሰወረ ባይሆንም። ወሎ በረሃብ ያለቀበት ጊዜ ነበር። የካቲት 1966 አዲስ አበባ ላይ ተማሪው፣ የታክሲ ሹፌሩ፣ መምህሩ፣ ወታደሩ ተነሣ። መስከረም ሲጠባ የንጉሡ ዘመን አበቃ። መጽሐፉ የወጣው በዚያው በ1966 ነው። ከዚያ በኋላ የመጣውን፣ የቀይ ሽብርን ሌሊት፣ አስፋልት ላይ ያደሩትን ልጆች ስናስብ፣ አንተና አበባው አንድ ግንድ ላይ የማትኖሩበት ዘመን መምጣቱን ባለቅኔው ቀድሞ በሽፋኑ ላይ የጻፈው ይመስለኛል። ሰው አንዱን ይምረጥ ብሎ ጥያቄውን ለአንባቢው ተወለት። ይህን ጥያቄ በሌላ ነገር ሊጠይቅ አይችልም ነበር። «ብረት ወይ አበባ» ቢል ጦርነትና ሰላም ብቻ ይሆን ነበር። «ሌሊት ወይ አበባ» ቢል ትርጉም ያጣ ነበር። አንተ ግን ሁለቱንም ወገን ትነካለህ፤ አበባውን የምታቃጥል አንተ ነህ፤ አበባው ያቆጠቆጠበትን ማሳ የመነጠርክም አንተ ነህ። ምርጫውን ከባድ ያደረገው ይህ ነው። ለዚያች ለከባዷ ምርጫ መናገሪያ ስለ ሆንክ አመሰግንሃለሁ።

ጸጋዬ አንተን ከሼክስፒርም ጋር አገናኝቶሃል። ኦቴሎ ሚስቱ ወደ ተኛችበት ክፍል መብራት ይዞ ይገባል። የያዘውን መብራት ቢያጠፋው መልሶ ሊያበራው እንደሚችል፣ የእርሷን ሕይወት ግን አንዴ ካጠፋ የሚያቀጣጥልበት እሳት ከየትም እንደማያገኝ ያሰላስላል። ሼክስፒር እዚያው ላይ ከአማልክት እሳት የሰረቀውን የግሪኮቹን ፕሮሜቴዎስን ያነሣል። አንድ ሰው ነፍስ ከማጥፋቱ በፊት ቆሞ አንዲት ትንሽ ነበልባል ያያል፤ የሚሠራው ሥራ ግዝፈት የሚገባው አንተን በማየት ነው፤ ገብቶትም አይመለስም። የአማርኛውን ኦቴሎ መድረክ ላይ ያየ የአዲስ አበባ ተመልካች ያን ቅጽበት አልረሳውም፤ እኔም በንባብ ብቻ አግኝቼው አልረሳሁትም።

በዚያው በጸጋዬ እጅ «ጴጥሮስ ያቺን ሰዓት» አለ። አቡነ ጴጥሮስ በ1928 ዓ.ም. ሐምሌ 22 ቀን አዲስ አበባ ላይ በፋሺስት ጥይት ወደቁ። አርበኞቹን አውግዙ ተብለው እምቢ ስላሉ ነው። ጸጋዬ ሰማዕቱን ከመረሸናቸው በፊት ባለችው ሰዓት ውስጥ ያቆማቸዋል፤ እመ ብርሃንንም ያነጋግሯታል። ባለቅኔው የተወለደው በዚያው ክረምት፣ ጴጥሮስ በወደቁ ሰሞን ነው፤ ይህን ባሰብኩ ቁጥር ሰውነቴን ውርር ያደርገኛል። ከእናቱ ወተት ጋር ያን ጊዜ ጠጥቶታል ብል ያጋነንኩ አይመስለኝም።

ይህች የጅቡቲ ከተማም በዚያ ዓመት ድርሻ ነበራት። በሚያዝያ መጨረሻ ንጉሠ ነገሥቱ በባቡር እዚህ ደርሰው በእንግሊዝ የጦር መርከብ ተሳፈሩ። ከኋላቸው ከሰማይ በአውሮፕላን የሚርከፈከፍ፣ ቆዳ የሚልጥ መርዝ የወረደበት ሕዝብ ነበር። ሰኔ 23 ቀን በጄኔቫ፣ በመንግሥታቱ ማኅበር ፊት ንግግራቸውን ሲጀምሩ የጣልያን ጋዜጠኞች በፉጨት ሊያቋርጧቸው ሞከሩ። ከተቀመጡት መካከል ተነሥቶ እነዚህን ሰዎች አስወጡ ብሎ የጮኸው የሩማኒያው ኒኮላይ ቲቱሌስኩ ነበር። ይህን የምጽፍልህ ውለታ ስለማይረሳ ነው፤ ደግሞም ያ ሰው የሀገሩን ግጥም እንድፈልግ ስላደረገኝ ነው። ፈልጌም ሉቺያን ብላጋን በፈረንሳይኛ ትርጉም አገኘሁት። በ1919 እ.ኤ.አ. ያሳተመው የመጀመሪያው መድበሉ «የብርሃን ግጥሞች» ይባላል። ገና በመክፈቻው ግጥም ዓለምን እንደ አበባ ያያታል፤ የእርሱ ብርሃን የአበባዋን ምስጢር ሊገልጥና ሊጨርስ አልመጣም፤ ይበልጥ ሊያጠልቀው ነው የመጣው። የብላጋ ትራንሲልቫኒያና የጸጋዬ አምቦ እንዴት ይተዋወቃሉ? ሁለቱ ገጣሚዎች አንዱ የሌላውን ስም ሳይሰማ፣ ብርሃንህንና አበባን ፊት ለፊት አቁመው ሐሳብ ያዙ። ብላጋ መልሱን ያገኘ ይመስላል። ጸጋዬ ግን ጥያቄውን ክፍት ተወው። እኔ የጸጋዬን እመርጣለሁ፤ የተጻፈው ለእኔ ሀገር ነውና።

ሳመሰግንህ ግን ያጠፋኸውን የረሳሁ እንዳይመስልህ። በ1859 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ ጎንደርን ሲያቃጥሉ አንተ ነበርክ። በ1860 ሚያዝያ እንግሊዞች የመቅደላን አምባ ዘርፈው ሲለኩሱትም አንተ ነበርክ። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ ሰው ከነነፍሱ የተዘጋበት ጎጆ ሲለኮስ፣ ያኔም አንተ ነበርክ። እናቶቻችን ሙሾ ሲያወርዱ አንተን በስምህ ጠርተው ከሰውሃል፤ አንጀቴ አረረ፣ ሆዴ ነደደ፣ ቤቴ አመድ ሆነ እያሉ። ከሳሹም ራሱ ከአንተ ሌላ ቃል አላገኘም። ልጇ የሞተባት ሴት ውስጧ የሆነውን ለጎረቤት ልትናገር ስትፈልግ አንተን ከመጥራት በቀር ምን አማራጭ አላት? የበደልካት አንተ ሆነህ ሳለ ምስክር የሆንክላትም አንተ ነህ። ይህን ማመስገን ለእኔ ቀላል አይደለም፤ አመሰግናለሁ ግን። አልቃሽ ቃል ባታገኝ ኖሮ እነዚያ ሞቶች ዛሬ እኛ ዘንድ አይደርሱም ነበር። ጎንደር መቃጠሉን ታሪክ ጸሐፊው በዓመተ ምሕረት ይነግረኛል፤ ምን ያህል እንደ ተቃጠለ ግን የነገረኝ ሙሾው ነው።

ስለዚች ከተማ ጥቂት ልጨምርልህ። መሐል ከተማው ላይ ሚኒባሶች የሚሰለፉበት፣ ዛሬ የማሕሙድ ሐርቢ ተብሎ የሚጠራው አደባባይ ቀድሞ በፈረንሳዊው ገጣሚ በአርቱር ራምቦ ስም ይጠራ ነበር። ራምቦ ሐረርን የረገጠው በ1880 እ.ኤ.አ. ነው። ከወዲያ ማዶ ከታጁራ የጠመንጃ ቅፍለት ይዞ ወደ ምኒልክ የተነሣው በ1886 ጥቅምት ነው። ያኔ ግጥም መጻፍ ካቆመ ቆይቷል። ልጅ ሳለ ግን፣ በ1871፣ በአሥራ ስድስት ዓመቱ ለወዳጁ በጻፈው ደብዳቤ ገጣሚን የእሳት ሌባ ብሎ ጠርቶታል። የእኛ ሊቅ በማኅሌት ላይ ቅኔ ሲዘርፍ የሰማ ሰው ይህ አባባል እንግዳ አይሆንበትም። የሚያሳዝነኝ፣ ያ ልጅ አድጎ ወደ እውነተኛው የእሳት ሀገር፣ ወደዚህ ወደ አፋር ምድር ሲመጣ፣ የተሸከመው ጠመንጃ መሆኑ ነው። ሐረር ውስጥ ሲኖር ምናልባት ቅኔ ሲዘረፍ ሰምቶም ይሆናል፤ ግዕዙን ግን ማን ይፍታለት!

የጅቡቲ ሰዎችም ያውቁሃል። የሶማሌ ጎረቤቶቼ ደብቃድ በሚሉት ማጨሻ ላይ ዕጣን ያጨሳሉ፤ ማታ ማታ የመንገዱ ሽታ ከአዲስ አበባ የቡና ሽታ ጋር ይመሳሰላል። ሶማሌዎች ዳብሺድ የሚሉት የዘመን መለወጫ አላቸው፤ እሳት አንድደው ይዘሉሃል። እኛ መስከረም 16 ደመራ ስንለኩስ፣ ጭሱ ወዴት እንዳዘነበለ፣ ግንዱ ወዴት እንደ ወደቀ እናያለን፤ ንግሥት እሌኒ መስቀሉ የተቀበረበትን የጠቆማት ጭስ ነው ብለን እናምናለንና። እነሱ ይዘሉሃል፤ እኛ መንገድ እንጠይቅሃለን። በዚህች ከተማ የተወለደው ዊልያም ስያድ በ1959 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያ የግጥም መጽሐፉን «ካምሲን» ብሎ ሲያወጣ፣ ስሙን የወሰደው አሁን በሬን ከሚደበድበው ነፋስ ነው። አብዱረሕማን ዋበሪ ደግሞ በ1994 የሀገሩን ታሪኮች «ጥላ የለሽ ሀገር» በሚል ስም አሳተመ። ሁለቱም በፈረንሳይኛ ጻፉ፤ ሁለቱም ስለ አንተ ጻፉ ማለት ይቻላል። ከከተማው ራቅ ብሎ በጉቤትና በአሳል ሐይቅ መካከል በ1971 ዓ.ም. ጥቅምት መጨረሻ መሬት ተሰንጥቃ አርዱኮባ የሚባለው እሳተ ገሞራ ፈነዳ። ዛሬ እዚያ የሚሄድ ሰው የሚረግጠው ጥቁር ድንጋይ የኤርታ አሌ ዘመድ ነው፤ ድንበሩ ከመሬት በላይ እንጂ ከታች የለም።

ልጆቻችን እዚህ ትምህርት ቤት ፈረንሳይኛ ይማራሉ። የራምቦን ስም ያውቃሉ፤ የጸጋዬን ስም የሚሰሙት ከእኛ ነው። ስለዚህ የካቲት 18፣ ጸጋዬ በ1998 ዓ.ም. ኒው ዮርክ ላይ ያረፈበት ቀን ሲመጣ፣ ከቡናው ጋር መጽሐፉ ይወጣል። ለልጆቹ የማነብላቸው የሚገባቸውን ብቻ መርጬ አይደለም፤ የማይገባቸውንም አነብላቸዋለሁ። ቅኔን መጀመሪያ ሰምተው ኋላ የሚፈቱት ነውና፣ ሰሙን ዛሬ ይያዙት እላለሁ። ወርቁን በጊዜው አንተ ታፈስስላቸዋለህ ብዬ አምናለሁ፤ እኔ ማድረግ የምችለው ጭቃውን መለበጥ ነው። አንድ የምለምንህም ነገር አለኝ። የቅኔ ጉባኤ ቤቶቻችን ተማሪ እያነሳቸው ነው። ዋሸራ ላይ ዛሬም ቅኔ የሚቆጥር ልጅ ካለ፣ ሌሊቱን የሚያጠናበት ጎጆ ውስጥ አትጥፋ።

ሰላምታዬን ለሁሉም አድርስልኝ። ወናፍ ለሚነፋው አንጥረኛ፣ ጥና ለሚይዘው ካህን፣ የሐሙስን ውዳሴ በቃሉ ለሚያደርሰው የደብተራ ልጅ። በሥላሴ ካቴድራል ላረፈው ለጋሽ ጸጋዬ ምስጋናዬን ንገርልኝ፤ በመቃብሩ ላይ ጧፍ ሲበራ እዚያ ትኖራለህና። በአዲስ አበባ የአቡነ ጴጥሮስ ሐውልት ፊት ሻማ ለምታበራው ለማላውቃት እናትም እንዲሁ።

መልስ ብትልክልኝ በማንኛውም ገጣሚ እጅ ይድረሰኝ፤ አነበዋለሁ።

አክባሪህና አመስጋኝህ
ከጅቡቲ ከተማ